ከየካ ሚካኤል ዳገት እስከ ሐዋሳ ሐይቅ

ታላቅ ወንድሜ ያረፈው በ2004 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። ዕድሜው ገና አርባ አምስት ነበር። ከሥራ ተመልሶ ጫማውን እንደ ፈታ፣ ከተቀመጠበት ወንበር ሳይነሣ ቀረ። ሐኪሞቹ የደም ግፊት መዘዝ መሆኑን ነገሩን። እርሱ ግን እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለበት አያውቅም ነበር፤ ተመርምሮም አያውቅም።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች በመሆኑ አስከሬኑን ወደ መካነ መቃብሩ የወሰድነው በመኪና ሳይሆን በትከሻ ነው። መንገዱ ዳገት ነው። የእድራችን ወንዶች እየተቀያየሩ ይሸከማሉ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን ከሥር ያስገባና የፊተኛውን ያሳርፈዋል። እኔ ወንድሙ ነኝና ከፊት በስተ ቀኝ በኩል ያዝሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ ሳልቀየር እንደምሸከመው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደ ሄድሁ ግን ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ጉልበቴ ተብረከረከ፤ ዓይኔንም ጭጋግ ነገር ጋረደው። ከጎኔ ይሄድ የነበረ አንድ የሠፈራችን ጎረምሳ ነገሩ ገባውና «ጋሼ፣ ይልቀቁልኝ» ብሎ ትከሻውን ከሥር አስገባ። እኔም ወደ መንገዱ ዳር ወጥቼ ቆምሁ። ወንድሜ በሌሎች ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ከፊቴ ሄደ።

ለቀስተኛው ሁሉ ኀዘን ያደከመኝ መስሎት «አይዞህ» አለኝ። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ያደከመኝ ኀዘን አልነበረም፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የተቀመጥሁበት ወንበር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት በታክሲ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝና መዝገብ ሳመሳክር እውላለሁ፤ ማታ በታክሲ እመለሳለሁ። ክብደቴ ዘጠና አራት ኪሎ ደርሶ ነበር። ከቤቴ እስከ ታክሲው መቆሚያ ያለው መንገድ ቢበዛ አራት መቶ ሜትር ነው፤ በእግሬ የምሄደው ይህንኑ ብቻ ነበር።

የወንድሜ አርባ ከወጣ በኋላ እኔም ተመረመርሁ። ግፊቴ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። «ጨው ቀንስ፤ ጮማ ተው፤ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ውሰድ፤ በየቀኑም በእግርህ ሂድ» አሉኝ። ወዴት እንደምሄድ አልነገሩኝም። የካ ለሚኖር ሰው ግን ወዴት ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ከበሩ ሲወጣ ፊቱን የሚመታው ተራራው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ሰሜን የሚጋርዷት የእንጦጦ ተራሮች ግን ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። የየካ ኮረብታዎች የእነዚሁ ተራሮች ምሥራቃዊ ክንድ ናቸው። ተራሮቹን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከወደ አውስትራልያ የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል። የማገዶ እጥረት መናገሻይቱን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውራት ተቃርቦ በነበረበት ጊዜ ከተማዋን ከቦታዋ ያጸናት ይህ ዛፍ ነው ይባላል። ምንጭ ያደርቃል እየተባለ ይነቀፋልም። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም አምናለሁ፤ ዳሩ ግን በንጋት ጤዛ በሚረጥብበት ጊዜ ሽታው ሳንባን ይከፍታልና ልነቅፈው አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሺህ እርምጃ በላይ ለመውጣት አልቻልሁም። ተቀምጬ ዐርፋለሁ፤ ተነሥቼ ጥቂት እሄዳለሁ፤ ደግሞ እቀመጣለሁ። በሁለተኛው ወር ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ እስከ ተሠራው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል ድረስ መድረስ ቻልሁ። በሦስተኛው ወር ቁልቁለቱን ዱብ ዱብ እያልሁ መውረድ ጀመርሁ። ሩጫዬ የጀመረው በዚህ ዓይነት፣ አስቤበት ሳይሆን ቁልቁለቱ ገፍቶኝ ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ ስወርድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ አምስት ሴቶች ከፊቴ ይወርዱ ነበር። በእነዚያ ተራሮች ላይ ይህ የዘወትር ነገር ነው። ሴቶቹ ሌሊት ይወጣሉ፤ ለቅመው፣ ሰብስበው፣ በገመድ አስረው፣ ሸክሙን ጀርባቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ከዚያም ሸጠው ለልጆቻቸው የዕለት ጉርስ ይገዛሉ። ሸክሙ ከሴቲቱ ቁመት ይረዝማል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው እንጨቱ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ከኋላ የነበሩት እናት ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ጠባቡን መንገድ ሊያሳልፉኝ ወደ ዳር ተጠግተው ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን አሳደደህ?»

«ምንም አላሳደደኝም፣ እማማ። ለጤናዬ ብዬ ነው።»

«ለጤናህ!» አሉና ሸክማቸው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሳቁ። «እኛስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጣን፣ ወረድን። ጤናውን ምነው ሳናገኘው?»

የምመልሰው አጣሁ። ዛሬም ቢሆን መልሱን አላገኘሁትም። እኔ ያንን ዳገት የምወጣው የበላሁትን ለማቃጠል ነው፤ እርሳቸው የሚወጡት የሚበሉትን ለማግኘት ነው። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን እንሄዳለን፤ ጉዟችን ግን አንድ አይደለም። ይህን በማሰብ ለጥቂት ቀናት በሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀምሬ ነበር፤ በኋላ ግን ከማፈር መሸሽ የባሰ ማፈር መሆኑ ተሰማኝና ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ አንዳንድ ጊዜም የያዝሁትን በሶ እናካፍላለን።

ከዕለታት አንድ ቀን ሸክማቸውን ልቀበላቸው ጠየቅሁ። እንጨቱን ከመንገዱ ዳር ካለው እርከን ላይ አስደግፈው ቆመው ነበር። «ትችለዋለህን?» አሉኝ። ገመዱን በትከሻዬና በደረቴ ላይ አድርጌ ለመነሣት ብታገል ሸክሙ ንቅንቅ አላለም። ሠላሳና አርባ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ቢሆንም እንደ እርሳቸው አድርጎ ወገብን መስበር የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር አይነሣም። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። እማማ ግን አልሳቁም። እንጨቱን ከጀርባዬ ላይ እየፈቱ እንዲህ አሉኝ፦

«ይህን ስማ። ሸክም ሲከብድህ ቁጭ አትበል። ቁጭ ካልህ የሚያነሣህ የለም። እንዲህ አስደግፈህ ቁም፤ ትንፋሽህ ሲመለስ ተጓዝ።»

በዚያን ጊዜ ይህን ምክር እንደ ተራ የሥራ ብልሃት ቆጥሬ አለፍሁት።

በዚያው ዓመት ክረምት ሌሎች አስተማሪዎችም አገኘሁ። በኮተቤና በየካ አካባቢ ከየገጠሩ መጥተው፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሯጮች አሉ። ሌሊቱ ሳይነጋ ይነሣሉ፤ ጅብ ገና ወደ ጎሬው ሳይመለስ በተራራው ላይ ናቸው። አሯሯጣቸው ለባዕድ ሰው ግራ ያጋባል። በቀጥታው መንገድ አይሄዱም፤ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ልክ እንደ አንድ ረጅም እባብ ይሄዳሉ። ፊተኛው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱም እስከ ኋለኛው ድረስ ይተላለፋል። እኔን መሰሉን የአርባ ዓመት ቦርጫም ከመካከላቸው ያስገቡኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። መሪያቸው ግን «ጋሼ፣ ከኋላ ይሁኑና እግር ይከተሉ። ሰዓት አይዩ፤ እግር ብቻ ይዩ» አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ተከተልኋቸው፤ ከዚያም ጥለውኝ ሄዱ። ነገር ግን እየተጠማዘዙ የሚሮጡ ስለሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዞረው በአጠገቤ ሲያልፉ እንደ ገና ከጅራታቸው ላይ ተቀጠልሁ። ቀስ በቀስ ዐሥሩ ደቂቃ ሃያ፣ ሃያው ሠላሳ ሆነ። ከእነርሱ የተማርሁት ነገር ብዙ ነው። አስፋልት ጉልበትን ስለሚጎዳ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አይሮጡበትም፤ ሌላውን ቀን በሣርና በኮረኮንች ላይ ያሳልፋሉ። ቀላል በተባለ ቀን የምር ቀስ ብለው ይሮጣሉ፤ እኔ እንኳ ልቀድማቸው እችል ነበር፤ ግን ማንም ለመቅደም አይሞክርም። ከሩጫ በኋላ ይተኛሉ። እኔን መሰል ደመወዝተኛ ይህን የመጨረሻውን ምክር ሊፈጽመው አይችልም፤ ስለዚህም ብዙ ቀን ከመዝገቤ ላይ እንዳንቀላፋሁ አልክድም።

የከፍታው ነገርም በእነርሱ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። «አየሩ ከበደ፣ አየሩ ቀለለ» እያሉ እንደ ገበሬ ስለ ሰማይ ይነጋገራሉ። ሳይንሱም ይደግፋቸዋል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ ሰባ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነትም ጉድለቱን ለማሟላት ሲል ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ስለዚህ በእንጦጦ የለመደ ሯጭ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ አየሩ ራሱ የሚያግዘው ይመስለዋል። ብቻ አንድ ነገር መርሳት የለበትም፤ ቆላው አየር ቢሰጥም ሙቀት ይጨምራል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ተቃጥዬ ነው፤ እርሱንም በቦታው እነግራችኋለሁ።

የማራቶንን ነገር ወደ ልቤ ያስገባው ማን እንደ ሆነ ብጠየቅ የሞተው ወንድሜ ነው እላለሁ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ የዐሥር ሺህና የአምስት ሺህ ሜትር ሩጫዎችን ሲያሸንፍ እኔ የዘጠኝ ዓመት፣ ወንድሜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርን። ወሬውን በጎረቤት ራዲዮ ሰማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሠፈራችን ሜዳ ወንድሜ ምሩፅ ሲሆን እኔ የፊንላንዱ ላሴ ቪረን እንድሆን ተፈረደብኝ። ቪረን በ1964ና በ1968 ዓ.ም. በተደረጉት ኦሎምፒኮች ሁለቱንም ርቀቶች ያሸነፈ ታላቅ ሯጭ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እኔ የማውቀው ቪረን ሁልጊዜ መሸነፍ ያለበት ሰው ነበር። ወንድሜ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ «ማርሽ ቀየርሁ!» ብሎ ይጮህና ጥሎኝ ይሄዳል።

የአበበ ቢቂላንም ታሪክ የነገረኝ እርሱ ነው። አበበ በሮም ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ያሠለጠነውም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር እግሩ ባዶ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ጫማ የሚገዛለት አጥቶ የሮጠ ምስኪን ያስመስሉታል፤ እኔ ይህን አነጋገር አልወደውም። ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና ያለ ጫማ መሮጥን የለመደ ስለ ነበር የተሻለውን መረጠ እንጂ የሚያዝኑለት ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ክፍል ግን አበበ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የሄደበትን ነው። ሐውልቱ ከአገሩ ተወስዶ በባዕድ ከተማ ቆሞ ነበርና የአገሩ ልጅ በዚያ ሲያልፍ ምን ተሰምቶት ይሆን እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ሲመለስ ደውሎ «አበበን ያየው ድንጋይ መጣ» ብሎኛል። አበበ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደ ገና አሸነፈ። በሜክሲኮ ከተማ ደግሞ እርሱ በሕመም ምክንያት ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ድሉን ተቀበለ።

በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሐዋሳ የማራቶን ውድድር ሊያዘጋጅ መሆኑን ሰማሁ። ተራው ሰውም ሊሮጥ ይችላል ተባለ። ተመዘገብሁ። መጀመሪያ ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ስታውቅ «ወንድምህ ተቀምጦ ሞተ፤ አንተ ደግሞ ሮጠህ ልትሞት ነው?» አለችኝ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ስትናገር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ አብረን ወደ ሐኪሙ ሄድን። ግፊቴ ወርዶ 130 በ85 ሆኖ ነበር፤ ክብደቴም ወደ ሰባ ስምንት ኪሎ ቀንሶ ነበር። ሐኪሙ ልቤን መርምረው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ቀስ ብሎ ከሮጠ ይሩጥ» ብለው ለእርሷ ነገሯት። ለእኔ ቢናገሩት የማልሰማቸው መሆኑን ዐውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ስለ ዝናብ፣ ስለ ጭቃና ስለ ረኃብ ናቸውና ብዙ አላወራቸውም። እሑድ እሑድ ከየካ ተነሥቼ በኮተቤ በኩል ከለገጣፎ እልፍ እላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ስሞላ ዞሬ እመለሳለሁ። ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ አትሂድ ተብያለሁ። የቀረው ዐሥር ኪሎ ሜትር ግን ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ወጣቶቹን ስጠይቃቸው ተያይተው ፈገግ አሉ።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በጠዋት ከሐዋሳው መነሻ ላይ ቆምሁ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከየካ ኮረብታ ለመጣ ሰው አየሩ እንደ ወተት ይጠጣል። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተኮማትረው ቆመዋል። ሩጫው ሲጀመር እግሬ እንደ ሌላ ሰው እግር ቀለለኝ። በአራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ለመጨረስ አስቤ ነበርና እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ከስድስት ደቂቃ በላይ መሮጥ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዐሥር ኪሎ ሜትር በሃምሳ አራት ደቂቃ ጨረስሁ። ሰዓት አትይ፣ እግር ተከተል የተባልሁትን ረስቼ፣ የማይገባኝን ሰው እግር ተከትዬ ነበር። ግማሹን በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ አለፍሁ። በልቤ ውስጥ «ማርሽ ቀየርሁ!» የሚል የልጅ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ አፍሬ ብናገረውም እውነት ነው።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። በሃያ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላብ ሳይሆን ጨው ግንባሬ ላይ ደርቆ ነበር። ሠላሳኛውን በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ አለፍሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት ጥቂት ማብራራት ይኖርብኛል። ሰውነታችን ከምግብ ያገኘውን ኀይል በጡንቻና በጉበት ውስጥ በስኳር መልክ ያከማቻል። ይህ ስንቅ ግን ለብዙው ሯጭ ከሠላሳ እስከ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ ፈጥኖ ለጀመረ ደግሞ ቀድሞ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሰውነት ስብን ማቃጠል ግድ ይሆንበታል፤ ይህም አዝጋሚ ሥራ ነው። ሯጮች ይህን ሁኔታ ከግድግዳ ጋር መጋጨት ይሉታል። እኔ ግን ግድግዳ አላየሁም። ያየሁት ያንን የየካ ሚካኤልን ዳገት ነው። መንገዱ ሜዳ ነበር፤ ጉልበቴ ግን በዚያው በታኅሣሡ ቀን እንደ ተብረከረከው ተብረከረከ፤ ያው ጭጋግም ዓይኔን ጋረደው።

ሠላሳ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆምሁ። በመንገዱ ዳር ካለ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይተውኝ ከተቀመጡበት በርጩማ ተነሡና «ና ልጄ፣ ዐረፍ በል» አሉኝ። በርጩማዋ ከጥላ ሥር ናት። በዓለም ላይ እንደዚያች በርጩማ ያለ የተዋበ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ እርምጃ ወደ እርስዋ ሄድሁ። ከዚያም የእማማ ነገር ትዝ አለኝ። ቁጭ ካልህ የሚያነሣህ የለም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ፤ ከተቀመጥሁ አልነሣም» አልሁና ጀርባዬን ከአጠገባቸው ካለው ዛፍ ላይ አስደግፌ ቆምሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ቈጠርሁ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ በጣሳ ውኃ አመጡና ግማሹን አጠጡኝ፤ ግማሹን አናቴ ላይ አፈሰሱት። ስድሳ ያህል ስቈጥር ትንፋሼ ተመለሰ። ሄድሁ። በመጀመሪያ ተራመድሁ፤ ከዚያም ዱብ ዱብ አልሁ። ከፊቴ የአንዲት ወጣት ሴት እግር አገኘሁና እርሱን ብቻ ማየት ጀመርሁ። እርስዋ ስትራመድ እራመዳለሁ፤ እርስዋ ስትሮጥ እሮጣለሁ። ፊቷን እስከ መጨረሻው አላየሁም።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህች ትርፍ ሜትር የመጣችው በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በለንደን ኦሎምፒክ ሩጫው ከዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲያልቅ በመደረጉ ነው፤ በ1921ም ርቀቱ በዚያው ጸና። አርባ ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ካለፍሁ በኋላ በለንደን ንጉሣውያን ላይ ያልሁትን ለተማሪ መንገር አይገባም።

በአራት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ገባሁ። አበበ ቢቂላ ቢሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሮሙን ማራቶን ሁለት ጊዜ ሮጦ ዐሥር ደቂቃ ያርፍ ነበር። ለጨረሰ ሁሉ የሚሰጠውን ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ያን ጊዜም ቢሆን አልተቀመጥሁም፤ ከአንድ አጥር ላይ ተደግፌ ቆምሁ፤ ከወንድሜ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም እንደ ልቤ አለቀስሁ።

በሳምንቱ ወደ ተራራው ስወጣ እማማን አገኘኋቸው። ሜዳሊያውን አሳየኋቸው። በመዳፋቸው ላይ አድርገው መዘኑት።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥህ አልህ?»

«አርባ ሁለት፣ እማማ።»

«ምን ተሸክመህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያማ» አሉና ሜዳሊያውን መለሱልኝ። ከዚያም ጥቂት አስበው «ቢሆንም አርባ ሁለት ብዙ ነው» ብለው ሸክማቸውን አስተካክለው ወረዱ።

በ2007 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከእድራችን አንድ አዛውንት ዐረፉ። አስከሬናቸውን በዚያው ዳገት ይዘን ስንወጣ የፊት ቀኙን እኔ ያዝሁ። ከመንገዱ መካከል ስንደርስ በግራዬ የነበረው ሰው ተቀየረ፤ ከኋላ ያሉትም ተቀየሩ። ያ ሦስት ዓመት በፊት ቦታዬን የተቀበለኝ ጎረምሳ ጺም አብቅሎ ከጎኔ ይሄድ ነበርና «ጋሼ፣ ልቀበልዎት?» አለኝ።

«ገና ነኝ» አልሁት። መንገድ ለመጥረግ ከፊታችን ይሄድ የነበረውን ሰው እግር እያየሁ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወጣሁ።